በጉሮሮ ያልወረደ

ትምኒት እንደምትለው አባቷ አቦይ ሃይለ በየጠዋቱ የምታመጣላቸውን ፍርፍር ጥርግ አድርገው ይበላሉ፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በዓይኗ ታያለች፤ እንዲህ የበላ የስኳር ሕመምተኛ ረፋድ ላይ በላብ ተጠምቆ ከተንቀጠቀጠ ኢንሱሊኑን የሚያበዛበት ሰው አለ ማለት ነው። ነርስ ዳግማዊት እንደምትለው ደግሞ የምትወጋቸው ሐኪሙ ያዘዘውን ልክ ነው፤ ጠብታ አልጨመረችም፤ ልኩን የተወጋ ሰው ስኳሩ እንዲህ ከወረደ ቁርሱን አልበላም ማለት ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነበር፤ አንዳቸው ዋሽታ ቢሆን ኖሮ የወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ኣሰለፈች በቶሎ ትደርስበት ነበር፤ ውሸታም አስታማሚና ውሸታም ነርስ ስትለይ ነው ፀጉሯን ያሸበተችው።

ማስረጃው የሚያጋድለው ወደ ዳግማዊት ነበር። አቦይ ሃይለ ባለፈው ሳምንት ሐሙስና ዓርብ፣ በዚህ ሳምንት ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ ስኳራቸው ወርዶ በደም ሥራቸው ግሉኮስ እየተሰጣቸው ነው የነቁት። በአራቱም ቀን የወጋቻቸው እሷ ነች። ቅዳሜና እሁድ እሷ እረፍት ወጥታ ሌላ ነርስ ስትወጋቸው ግን ደህና ዋሉ፤ እሁድ ዕለት እንዲያውም ከጎረቤት አልጋ ጋር እየተጨዋወቱ ሲስቁ ተሰምተዋል። ትምኒት ይህን ሁሉ ለሲስተር ኣሰለፈች ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ በማንም ላይ ክፋት የለኝም፤ ግን ልጅቷ አዲስ ናት» ነው ያለችው። ዳግማዊት በእርግጥ አዲስ ነበረች። ከኮምቦልቻ መጥታ ከተቀጠረች ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። ሓድነት ሰፈር ውስጥ የተከራየቻት ክፍል ባለቤት በየሁለት ቀኑ የደም ግፊቷን በነጻ ታስለካታለች፤ ኪራዩ ላይ ግን አንድ ብር አትቀንስም።

ረቡዕ ጠዋት ነርሶች ልብስ በሚቀይሩባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲስተር ኣሰለፈች በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና «ዛሬ ስትወጊ አጠገብሽ እቆማለሁ» አለቻት።

«እሺ ሲስተር።»

«ዛሬም ከወረደባቸው በርክክብ ሰዓት ለነርሶች አለቃዋ ለሜትሮን እጽፋለሁ። ከዚህ ክፍል ትነሻለሽ፤ ቋሚ የመሆንሽንም ነገር እነሱ ያዩታል።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ? እኔ በአንቺ ዕድሜ ሆኜ ቢሆን አለቅስ ነበር።»

«ከርክክብ በኋላ አለቅሳለሁ፤ አሁን ሥራ አለ።»

ሲስተር ኣሰለፈች ፈገግታዋን ለመደበቅ ጓንት የምትፈልግ መሰለች። ልጅቷን አትጠላትም ነበር፤ አንሶላ ስትዘረጋ ጥግ ጥጉን እንዴት እንደምታጥፍ አይታ ወዳታለች። ግን አንሶላ ሌላ፣ ኢንሱሊን ሌላ ነው።

በመስኮቱ በኩል ሦስት አልጋዎች አሉ። መጀመሪያ ላይ ትርፍ አንጀቱን ሰኞ ማታ የተቀደደ ኣክሊሉ የሚባል የቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ ተኝቷል። ከሱ ቀጥሎ ከሓድነት ወደ መሀል ከተማ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት የነበረው ጀላሉ አለ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየተጣራ ሳለ ወድቆ እግሩ ከጭኑ በታች በጄሶ ተጠቅልሏል። ሦስተኛው አልጋ ላይ የእግራቸው ቁስል አልድን ያላቸው አቦይ ሃይለ ናቸው፤ በደህናው ጊዜ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ፣ አማርኛቸውን ከደሴና ከአዲስ አበባ መንገድ የለቀሙ ሽማግሌ። በእሳቸውና በጀላሉ መካከል ለሁለት የሚያገለግል አንድ ኮመዲኖ ቆሟል፤ እጁን የዘረጋ ሰው ከሁለቱም አልጋ ይደርስበታል።

ሲስተር ኣሰለፈችና ዳግማዊት አብረው ሲመጡ አቦይ ሃይለ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ለአንድ መርፌ ሁለት ሰው? ምነው፣ ላመልጥ ነው እንዴ?»

«ከመይ ሓዲርኩም አቦይ፤ ሌሊቱ እንዴት ነበር?» አለች ዳግማዊት። ትግርኛዋን ስትናገር የኮምቦልቻ ዜማ ስለሚገባበት ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው አይጠፋም።

«ደህና አድሯል» አለች ትምኒት፣ የምግብ ሳህኑን በነጠላዋ ስር አቅፋ በአልጋው ግርጌ እንደቆመች።

«ቁስሉስ አላመመዎትም?»

«ትንሽ ነው ያመመው» አለች ትምኒት።

«ሽንት?»

«ሁለት ጊዜ።»

ትምኒት ያደረችው ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ቤቷ ነው። ከዚያ ሆና የአባቷን ሽንት እንዴት እንደቆጠረች የጠየቃት የለም። አቦይ ሃይለም የሚያውቁት ነገር ያለ አይመስሉም ነበር፤ ጥያቄውንም መልሱንም ከጣሪያው እንደሚሰሙ ሁሉ ወደ ላይ ያያሉ። ዳግማዊት ኮሌጅ ሳለች የተማረችው ሕፃን ሲሆን እናቱን ጠይቂ፣ ጎረምሳ ሲሆን ወላጆቹን ከክፍል አስወጥተሽ ራሱን ጠይቂ፣ ሽማግሌ ሲሆን ከዓይኑ ትይዩ ቁጭ ብለሽ መልሱ እስኪመጣ ታገሺ የሚል ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ሕፃን ነው። አስታማሚ የሌለው ሰው ብቻ ነው ስለራሱ የሚናገረው፤ እሱም የሚያሳዝን ሆኖ ስለሚታይ ከጎረቤት አልጋ ያለ አስታማሚ ይናገርለታል።

ኢንሱሊኑን ቀዳች፤ ሲስተር ኣሰለፈች ስሪንጁን ወደ መስኮቱ አዙራ መስመሩን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ዳግማዊት ወጋቻቸው። ትምኒትም ሁለቱ ሴቶች ያዩትን እሷም እንዳየች ለማስረገጥ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አይታ፣ ሳህኑን ኮመዲኖው ላይ ከፈተች። የሽሮ ፍርፍር ነው፤ ዘይቱ ጠርዙ ላይ ወርቅ መስሎ ወጥቷል። በዚያው ሰዓት ዘበኛው በኮሪደሩ እየተጣራ መጣ፤ የሐኪም ጉብኝት ሊጀመር ስለሆነ አስታማሚ ሁሉ ይውጣ።

«ብላ አቦይ» አለች ትምኒት።

«ይቀዝቅዝ።»

አባትና ልጅ በዚያ ጠዋት የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው። እናቲቱ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ናቸው። እናት በነበሩ ጊዜ ሁለቱም ለእሳቸው ይናገሩ ነበር፤ አሁን የሚያስተላልፍ ሰው የለም። ትምኒት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ምግቡን ትሠራለች፣ ልጆቿን ለትምህርት ቤት ታሰናዳለች፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ትመጣለች፣ ከዚህ ወጥታ ደግሞ የምትሸጥበትን የጨርቅ ሱቅ ትከፍታለች። ለአባቷ ፍቅሯን የምትገልጸው በሳህን ነው፤ ስለዚህም ሳህኑ ባዶ ሲሆን ደስታዋ ሙሉ ነው። ሁልጊዜም ስትወጣ እንደምታደርገው በሩ ጋ ዞር ብላ አየች፤ ሳህኑም አባቷም ባሉበት ናቸው።

ሐኪሙ አልጋዎቹን በችኮላ አዳርሶ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሄደ። ዳግማዊት ከኣክሊሉ ጀመረች። ልጁ ከተቀደደ ወዲህ እህል አልቀመሰም፤ አንጀቱ መሥራት መጀመሩ ካልታወቀ ሾርባ አይሰጠውም። እናቱ ኣብርሀት ዘበኛው ሲያስወጣ ከመጋረጃው ኋላ ተደብቃ ቀርታለች። ትልቅ ጥበብ አድርጋው ነበር፤ ጫማዋ ግን ከመጋረጃው ስር ይታያል።

«አየር ወጥቶልሃል?» አለችው ዳግማዊት ዝቅ ብላ።

ልጁ ቀይ ሆነ። ጀላሉ ከጎረቤት አልጋ «ፈስተሃል ወይ ነው የምትልህ» ብሎ ተረጎመለት።

«ልጄ እንደዚያ ያለ ልማድ የለውም» አለች ኣብርሀት ከመጋረጃው ኋላ።

ዳግማዊት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ኣብርሀትን በትከሻዋ ይዛ እስከ ኮሪደሩ ሸኘቻት። «እማማ፣ እዚህ ትንሽ ይቆዩ፤ አልነጥቅዎትም።» ተመልሳ በአልጋው ጠርዝ ስትቀመጥ ኣክሊሉ ወደ ግድግዳው ዞሮ በሹክሹክታ «ከትናንት ጀምሮ ብዙ ጊዜ» አለ።

«ታዲያ ሐኪሙ ሲጠይቅ ለምን የለም አልክ?»

«እኔ አላልኩም። እናቴ ናት ያለችው።»

«እና አንተ ዝም ብለህ ተራብክ?»

«ምን ላድርግ፤ ልጄ ጨዋ ነው እያለች ነበር እኮ።»

ዳግማዊት ሾርባ እንዲመጣለት አዘዘች፤ ኣብርሀትንም ጠርታ ልጇ እንዲበላ እንደተፈቀደለት ስትነግራት ምክንያቱን አልነገረቻትም። ከዚያ ወደ ጀላሉ አለፈች። አንሶላውን ልትቀይርለት ጄሶውን ቀና ስታደርግ ነጩ ላይ የደረቀ ቀይ ጠብታ አየች፤ ሌላም አለ፤ በአንሶላው እጥፋት ውስጥ ደግሞ የእንጀራ ፍርፋሪ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደም ነው።»

«ሽሮ ሽሮ የሚሸት ደም?»

ጀላሉ አስታማሚ የለውም፤ ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው፤ አልፎ አልፎ የሚኒባስ ሹፌሮች ሙዝ ይዘውለት ይመጣሉ። ሆስፒታሉ ጠዋት የሚሰጠው ዳቦና ሻይ ነው። በመጣ ሰሞን በዳቦው ድርቀት ሲያማርር ዘበኛው ድረስ ይሰማ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን አንድም ቀን አላማረረም፤ ለዳግማዊት ይህ አሁን ነው የታወሳት። ፊቱንም አየችው። እግሩ የተሰበረ ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ ጉንጩ አይሞላም።

«አልሰረቅኩም» አለ ጀላሉ፣ ሳትጠይቀው። «ሽማግሌ ሰጥቶኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ነውር ነው። የጾም ምግብ ስለሆነ ደግሞ ሥጋ የለውም፤ ለእኔም ይሆናል።»

ዳግማዊት ወደ አቦይ ሃይለ ዞረች። ኮመዲኖው ላይ ሳህኑ ባዶ ነው፤ ክዳኑ በጨዋ ደንብ ተገጥሞበታል። ወንበር ስባ ከዓይናቸው ትይዩ ተቀመጠች።

«አቦይ፣ ዛሬ ቁርስ በልተዋል?»

«ሳህኑ ባዶ ነው ጓለይ፣ ልጄ።»

«ስለ ሳህኑ አይደለም የጠየቅኩዎት።»

«ምግቡ ጥሩ ነበር ይባላል» አሉ አቦይ ሃይለ። እየዋሹ አይደለም፤ እሷም ይህን አስተዋለች። በጾም ወር ውሸት እንዳይገባባቸው ቃላቸውን እየመረጡ ነበር። ሌላ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ግን በላይኛው ከንፈራቸው ላይ ላቡ ችፍ ብሎ አየች፤ ብርድ ልብሱን የያዙበት እጅም ይንቀጠቀጣል። ጣታቸውን ወግታ ለካች፤ በጣም ወርዷል። ሮጣ በብርጭቆ ውኃ ስኳር በጥብጣ መጣች።

«ይጠጡ አቦይ፤ ቶሎ።»

አቦይ ሃይለ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ብርጭቆውን ስታስጠጋ አንገታቸውን አዞሩ፤ በዚያው ግን ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው፣ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ ክንዳቸውን ዘረጉላት። ጡጫቸውን እንኳ ጨብጠው ሥሩን አዘጋጅተውላታል።

«በሥር» አሉ፤ ምላሳቸው ተሳስሯል። «በሥር ስጪኝ። ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት ሆኗል።»

«ገና ነው።»

ዳግማዊት ለአፍታ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ቅዳሜና እሁድ ደህና። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከጥሉላት እንጂ ከቁርስ የሚጾም የለም። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ነርሶች ግማሹ ጿሚዎች ናቸው፤ ሲስተር ኣሰለፈችም ጿሚ ናት፤ ዳግማዊት ራሷም ጠዋት ሳትቀምስ ነው የመጣችው። ሁሉም ሳህኑን ሲያይ ሰውየውን ረስቷል። ይህን ለማሰብ የወሰደባት ብርጭቆውን አስቀምጣ ሥራቸውን እስክታገኝ ያለውን ጊዜ ነው፤ ግሉኮሱን ቀስ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ ከዚያም በጠብታ የሚወርድ አያያዘችላቸው።

ሲስተር ኣሰለፈች በሩ ላይ ሆና የተሰቀለውን ግሉኮስ አየች። የእጅ ሰዓቷንም አይታ ተመለሰች፤ ለሜትሮን የምትጽፈው በርክክብ ሰዓት ነው።

አቦይ ሃይለ ቀለማቸው ሲመለስ መጀመሪያ ያዩት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቃቸውን ዳግማዊትን ነው።

«አቦይ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ።»

አቦይ ሃይለ ሊክዱ አልሞከሩም። «ዕድሜ ልኬን ጾሜያለሁ። ጭነት ይዤ የግራካሕሱን ዳገት ስወጣ ጾሜያለሁ። አሁን ተኝቼ ልብላ?»

«የንስሐ አባትዎ ፈቅደውልዎታል ትላለች ትምኒት።»

«ትምኒት ጠየቀች፣ እሱ ፈቀደ። እኔን የጠየቀኝ አለ? ደግሞ እሱ ትንሽ ልጅ ነው። ክርስትና ሲነሳ ለድግሱ ስኳር ከደሴ የጫንኩት እኔ ነኝ።»

«ጾም ግን የገባው ሐሙስ አይደለም፤ ያለፈው ሳምንት ሰኞ ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ እንዴት ደህና ሆኑ?»

«ትምኒት ሱቅ ዘግታ አጠገቤ ነበረቻ። ማንኪያ ይዛ።» አቦይ ሃይለ የዚያ ማንኪያ ትዝታ ፊታቸውን አጨማደደው። «የምበላውን እሷ ትወስናለች፤ የምተኛበትን ጎን እናንተ ትወስናላችሁ፤ ሽንቴን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚቆጥረው። ይቺን ብቻ ማንም ሳያውቅ ለራሴ ያዝኳት።»

«ግሉኮሱስ? ስኳር እኮ ነው፤ ከፍርፍሩ ይበልጣል።»

«እሱ በጉሮሮዬ አልወረደም» አሉ አቦይ ሃይለ፤ ይህን አስበውበት እንደቆዩ ያስታውቃል። «ቄስ የሚጠይቀው በልተሃል ወይ ብሎ ነው። ተወግተሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ቄስ የለም።»

«ጥሩ ጠበቃ ይወጣዎት ነበር» አለ ጀላሉ።

«አንተ ዝም በል፤ ሳትጾም የምትሰብክ።»

«የእኛ ወር ገና ነው። እስከዚያ የእናንተን ቁርስ ነው የምጠብቅ።»

ዳግማዊት መሳቅ አማራት፤ ግን አልሳቀችም። «አቦይ፣ መድኃኒቱ ምግብ ካላገኘ እርስዎን ነው የሚበላው። አንድ ቀን እኔ ሳልደርስ ብቀር አይነቁም።»

«እስካሁን ደርሰሻል።»

«እስካሁን። ከነገው መርፌ በፊት ለሐኪሙና ለሲስተር መንገር ግዴታዬ ነው፤ ይህን አልደብቅልዎትም። ለትምኒት የሚነግሩት ግን እርስዎ ነዎት። እስከ ስምንት ሰዓት፣ እስከ ርክክብ እቆያለሁ።»

አቦይ ሃይለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዳግማዊት በራሷ ላይ የሚመጣውን አልነገረቻቸውም፤ ለራሷ ብላ የምትለምናቸው እንዳይመስል ሰግታ ነው። ሲስተር ኣሰለፈች ጋ ሄዳ አሁኑኑ ብትነግራት የራሷ ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ያልቃል፤ ይህንንም ታውቃለች። ኮሪደሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰችም። ሽማግሌው ያመኗት ስትጠይቃቸው ነውና፣ ጠይቃ ሮጣ የምትናገር ከሆነ ነገ ማንን ትጠይቃለች?

እኩለ ቀን ላይ ከመጋረጃው ኋላ የኣክሊሉን ቁስል እያጸዳች ሳለ የጀላሉ ድምፅ ተሰማት። የሚያወራው ዝቅ አድርጎ ነው፤ ግን ሚኒባስ ላይ ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ ዝቅታው የሌላ ሰው ወሬ ያህል ነው።

«አቦይ፣ ልጅቷ ልትባረር ነው።»

«የትኛዋ?»

«ነርሷ። ሲስተር ለሌላዋ ነርስ ስትነግራት ሰምቻለሁ።»

«በምን ጥፋቷ?»

«በእርስዎ። መርፌ ታበዛለች ተብሎ።»

ኣክሊሉ ዳግማዊትን ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ቁስሉን ማጽዳቷን ቀጠለች።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ትምኒት። ሳህኑን አይታ ነው እንጂ ክፋት የላትም።»

«ሳህኑን የጨረስከው አንተ ነህ።»

«የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

«ይህን እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት ቁርሴ ይቀርብኛል ብዬ ነው» አለ ጀላሉ። ዳግማዊት ወጥታ የአቦይ ሃይለን ስኳር በድጋሚ ስትለካ ጣታቸውን ሰጧት እንጂ ዓይናቸውን አልሰጧትም። ስኳሩ ደህና ነበር። ግሉኮሱ እስኪያልቅ ብዙ ቀርቶታል።

ስምንት ሰዓት ላይ የከሰዓት ተረኛዋ መጣች፤ ሲስተር ኣሰለፈችም እስክሪብቶዋን ይዛ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚደረገውን ርክክብ ጀመረች። ኣክሊሉ ሾርባውን ጠጥቶ አልተፋም። ጀላሉ ደህና ነው፤ አንሶላው ተቀይሯል። አቦይ ሃይለ ጋ ሲደርሱ ትምኒት የምሳውን ሳህን አቅፋ ቀድማ ቆማ ነበር፤ የተሰቀለውን ግሉኮስ አይታለች፤ ዓይኗም ቀልቷል።

«ዛሬም» አለች። «ሲስተር፣ ዛሬም። ዛሬ ደግሞ አንቺም እያየሽ።»

«መርፌው ልክ ነበር፤ አይቻለሁ» አለች ሲስተር ኣሰለፈች፤ ግራ ተጋብታለች። «ቁርስ በልተው ነበር?» ጥያቄዋን የሰነዘረችው ወደ ትምኒት ነው።

«ጥርግ አድርጎ። ሳህኑ ይኸውና።»

ሲስተር ኣሰለፈች ወደ ዳግማዊት ዞረች። ዳግማዊት ግን ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና «አቦይ» አለች።

«ደክሞታል፣ አታስጨንቂው» አለች ትምኒት።

አቦይ ሃይለ ግሉኮስ ያልተያያዘበትን እጃቸውን አነሱ። «ትምኒት፣ እኔ አፍ አለኝ።»

ትምኒት አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ስሟን ሲጠሩ ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ነበር።

«ቁርሱን አልበላሁም። ዛሬም፣ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። እየጾምኩ ነው። የሚበላው ይኼ ነው።» ጀላሉ በጄሶው ርዝመት ሊደበቅ የሚችልበት ቦታ ስላልነበረው ፈገግ አለ። «መርፌው ጥፋት የለበትም። ይህቺም ልጅ ጥፋት የለባትም፤ ስትጠይቀኝ በሳህን ተከልዬ ነው ያመለጥኳት።»

ሲስተር ኣሰለፈች እስክሪብቶዋን ክዳኑን ገጥማ ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ቅዳሜና እሁድ» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያም በዳግማዊት ትከሻ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ዳግማዊትም ለዚህ ሰዓት ያቆየችው እንባ እንደማያስፈልግ ስታውቅ ጭራሽ መጣባት፤ አጎንብሳ የግሉኮሱን ቱቦ የምታስተካክል መሰለች።

ትምኒት የምሳውን ሳህን እንዳቀፈች ነበረች። «እኔ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ» አለች። «ለምን አልነገርከኝም አቦይ?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ብጠይቅህ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?»

አቦይ ሃይለ አሰቡበት፤ አሁንም መዋሸት አልፈለጉም። «አይመስለኝም» አሉ። ኣክሊሉ የሾርባውን ጎድጓዳ ሳህን ደረቱ ላይ እንደያዘ ያዳምጣል፤ እናቱ እንኳ ዝም ብላለች።

ሲስተር ኣሰለፈች ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። «አቦይ ሃይለ፣ ዘጠኝ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ግሉኮሱም ይዞዎታል፤ እስከዚያ መቆየት ይችላሉ። የመርፌውንም ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን እጠይቅልዎታለሁ። ማንም በግድ አያበላዎትም።»

አቦይ ሃይለ ወደ ኮሪደሩ ሰዓት አላዩም። ትምኒትን ነው ያዩት፤ ነጠላዋን፣ የታክሲው አቧራ የያዘውን ጫማዋን፣ ሳህኑን በሁለት እጇ የያዘችበትን አያያዝ። ከዚያም ራሳቸውን በክርናቸው ደግፈው ለመቀመጥ ሞከሩ፤ ዳግማዊት ልትደግፋቸው ስትል በዓይናቸው አስቆሟት፤ ቀስ ብለው፣ እያቃሰቱ፣ ብቻቸውን ተቀመጡ።

«ሰው የሚያስከስስ ጾም ይዤ ፋሲካ አልገባም» አሉ ለሁሉም እንዲሰማ። «ክፈቺው ትምኒት። ዘጠኝ አልሞላም፤ አውቃለሁ። አሁን እበላለሁ፣ ነገም ጠዋት እበላለሁ፤ አንቺም ቁጭ ብለሽ ታይኛለሽ።»